ማኅተም ያረፈበት ፊት

ቢቸና በተመደብኩ በአምስተኛው ዓመት፣ ከእንግዲህ ሠዓሊ እንደማልሆን ቁርጤን አውቄ ከተቀመጥኩ በኋላ፣ የአንዲት የሞቱ እናት ፊት እንድሥል ተጠየቅሁ።

የተወለድኩት ደሴ ነው። የማስተምረው መጽሐፉ ላይ «የክወናና ዕይታ ጥበባት» ተብሎ የተጻፈውን፣ ተማሪዎቼ ግን ባጭሩ «አርት» የሚሉትን ትምህርት ነው። ኮሌጅ ሳለሁ እርሳስ ከእጄ አይለይም ነበር፤ ሻይ ቤት ስንቀመጥ እንኳ የጓደኞቼን ፊት በሶፍት ላይ እሥል ነበር። ቢቸና ከመጣሁ ወዲህ የሣልኩት ቢቆጠር ግን ሰሌዳ ላይ ኩብና ሲሊንደር፣ የሽንት ቤቱ ግድግዳ ላይ ደግሞ የሚታጠቡ ሁለት እጆች ናቸው። ማንም አልከለከለኝም። ቅዳሜ ቅዳሜ ወረቀት ዘርግቼ እቀመጣለሁ፤ ተራራውን እጀምራለሁ፣ የገበያውን ዛፍ እጀምራለሁ፤ ከዚያ ይሄን እኮ ስንቱ ሥሎታል እላለሁና ወረቀቱን እጠቀልለዋለሁ።

ይህ ጥያቄ ከመምጣቱ በፊት በነበረው ክረምት ለሥልጠና አዲስ አበባ ሄድን። አንድ ቀን ከሰዓት ዝናብ ሲያባርረኝ በሩን ክፍት ያገኘሁት አዳራሽ ውስጥ ገባሁ። የሥዕል ዐውደ ርእይ የሚል ተለጥፏል፤ ውስጡ ግን ያሉት ፎቶግራፎች ነበሩ። ከሰው ቤት ግድግዳ የተወሰዱ የሚመስሉ አሮጌ የቤተሰብ ፎቶዎች ከሰው ቁመት በላይ ሆነው ጨርቅ ላይ ታትመዋል፤ የተቀደደው ቦታቸው ሁሉ በቀይ ክር ተሰፍቷል። ስፌቱ ቅዳዱን አልደበቀውም፤ ጭራሽ ከሩቅ እንዲታይ አድርጎታል። ዝናቡ ካቆመ በኋላም እዚያው ቆሜ ቀረሁ። በሩ አጠገብ የተቀመጡት የጥበቃ ሠራተኛ ሲያዩኝ ቆይተው፣

«የምታውቂው ሰው መሰለሽ እንዴ?» አሉኝ።

«ኧረ አንዳቸውንም አላውቃቸውም።»

«እኔም መጀመሪያ አላውቃቸውም ነበር» አሉ። «ይሄው ሁለት ሳምንት ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ፣ አሁን ጠዋት ስገባ ሰላም ልላቸው ምንም አይቀረኝ።»

ወደ ቢቸና ስመለስ አንድ ነገር እንደምሠራ እርግጠኛ ነበርኩ፤ ምን እንደሆነ ነው ያላወቅሁት። ቀይ ክር ገዛሁ። ክሩ ጠረጴዛዬ ላይ እስከ ገና ተቀመጠ፤ ከዚያ ጎረቤቴ ብርድ ልብሷን ልትሰፋበት ወሰደችው።

የካቲት ሲገባ ነው እንግዲህ ሥዕሉን የጠየቀችኝ ሴት በእረፍት ሰዓት ትምህርት ቤት ድረስ የመጣችው። በከተማው ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ትሠራለች። እናቷ የእኛ ትምህርት ቤት ደወል መቺ ነበሩ። ግራር ላይ የተንጠለጠለውን የመኪና ቸርኬ በብረት እየመቱ ስንት ዘመን ተማሪ አስገብተው አስወጥተዋል። ጡረታ ወጥተው ብዙም ሳይቆዩ፣ ባለፈው መጋቢት ነበር ያረፉት። አሁን ሙት ዓመታቸው እየደረሰ ነው።

«ቲቸር፣ እናቴን ሳዪልኝ» አለችና ከቦርሳዋ የቀበሌ መታወቂያ አወጣች።

በሙት ዓመቱ ድንኳን ውስጥ የሚሰቀል ትልቅ ፎቶ ፈልገው ነበር። ህትመት ቤት ወስደውት ፎቶው ሲያድግ፣ የቀበሌው ማኅተም አብሮ አደገ። ክቡ ማኅተም ከግራ ዓይናቸው ጀምሮ እስከ አገጫቸው ድረስ አርፏል፤ ሐምራዊ ፊደሎቹ ከንፈራቸው ላይ ይሄዳሉ። የቀረው ግማሽ ፊት ጥርት ያለ ነው፤ የወጣት ሴት ለስላሳ ጉንጭ።

«ሌላ ፎቶ የላቸውም?»

«እናቴ? ስልክ ካወጣን ነጠላዋን ጎትታ ትሸፈናለች። ጡረታ ስትወጣ እናንተ ያነሳችኋትን አስታውሺ እስቲ።»

አስታወስኩ። መምህራኑ ሁሉ ተሰልፈን፣ መሐላችን አንድ ነጠላና ከነጠላው ብቅ ያለ አፍንጫ።

«ማኅተሙን ብቻ አንሺልኝ፤ ሌላው እንዳለ ይሁን» አለች። «ደግሞም አንቺ በየቀኑ ስታያት ኖረሻል። አይጠፋሽም።»

እሺ አልኳት። ማታውኑ ቁጭ ብዬ ቀኝ ጉንጫቸውን ከፎቶው ገለበጥኩ። ወደ ግራው ስሻገር እጄ ቆመ። ለሦስት ዓመት ጠዋት ጠዋት «እንዴት አደሩ?» ብያቸው ወደ ክፍል ገብቻለሁ። ጫማቸውን አውቀዋለሁ። የደወል መምቻው ብረት እጃቸውን እንዳይጎዳቸው በጨርቅ የጠቀለሉበትን ቦታ አውቃለሁ። ሳል ሲጀምራቸው ፊታቸውን ወዴት እንደሚያዞሩ ሁሉ አውቃለሁ። ፊታቸው ላይ አንድ ጠባሳ እንዳለም አውቃለሁ፤ የቱ ጉንጭ ላይ እንደነበር ግን ጠፋኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ግራ ላይ አደረግሁት፣ እሳቸውን መሰሉ፤ ቀኝ ላይ አደረግሁት፣ አሁንም እሳቸውን መሰሉ። ተማሪዎቼን «ከመሣላችሁ በፊት እዩ» የምላቸው እኔ ነኝ።

በማግስቱ ልጃቸው ቤት ሄጄ ጠየቅኋት።

«በግራ ነው» አለች ሳታመነታ። መታወቂያውን አንስታ አሳየችኝ። «ይኸው፣ ቀኙ ንጹሕ አይደል? ጠባሳው ማኅተሙ ሥር ነው ያለው።»

ነገሩ ልክ ነው። ፎቶ ያየነውን ያሳያል፤ ቀኙ ላይ ከሌለ ግራው ላይ ነው። በግራ ጉንጫቸው ላይ ጠቆር ያለ ጠባሳ አድርጌ ሥዕሉን ጨረስኩና እሁድ ይዤላት ሄድኩ። ታናሽ ወንድሟም መጥቶ ነበር። ደጀን ነው የሚኖረው፤ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ሥዕሉን ግድግዳ ላይ ደግፈነው እሱ ከበሩ ላይ ቆሞ አየው።

«ጎበዝ ነሽ» አለኝ። ቀጥሎ፣ «ግን እናቴ አይደለችም» አለ።

«እንዴት?» አለች እህቱ።

«ጠባሳዋ በቀኝ ነው።»

«ፎቶውን እያየኸው?»

«ፎቶውን ተይው። ስሰናበታት ጉንጯን ጉንጬ ላይ አድርጋ ትቆይ የለ? ሻካራው ቆዳዋ እዚህ ነበር የሚነካኝ» ብሎ የራሱን ቀኝ ጉንጭ ነካ።

«አንተ በዓመት ሁለቴ እየመጣህ! ያስታመምኳት እኔ፣ አጥቤ የገነዝኳት እኔ!»

እሱም ቀላ፤ «አለመኖሬን ነው አሁን የምትነግሪኝ?» አለ። ክርክሩ ከጠባሳው ወጥቶ ሌላ ቦታ ሊሄድ እንደሆነ ገባኝ። ሁለቱም በአንዴ ወደ እኔ ዞሩ።

«ቲቸር አለች አይደል? ትፍረድ» አለች እህትየው።

«አላስታውስም» አልኩ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ፎቶው የተነሳው ሞጣ እንደሆነ ልጅቱ ታውቃለች። አክስቷ እዚያ ይኖሩ ነበርና ልጅ ሆና ከእናቷ ጋር ሄዳለች። የድሮ ፎቶ አንሺዎች ፊልሙን እንደማይጥሉ ኮሌጅ ሰምቼ ነበር። ወንድሟ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ እኛ በየጊዜው የሚዘጋው መንገድ ክፍት በነበረበት ሰሞን አንድ ቅዳሜ ማለዳ ሚኒባስ ተሳፈርን። ጉንደ ወይን ላይ ጆንያ ለመጫን ረጅም ሰዓት ስንቆም፣ መታወቂያውን መዳፏ ውስጥ ይዛ አንዴም አልለቀቀችውም።

ፎቶ ቤቱ አሁን ፎቶ ኮፒና የስልክ ሽፋን መሸጫ ሆኗል። ባለቤቱ ከድሮ ጀምሮ ሞጣ የኖሩ የነጋዴ ቤተሰብ ናቸው፤ ከተማው ሁሉ ሐጂ ይላቸዋል። ሥራውን ለልጆቻቸው ትተው እሳቸው ከኋላ ባለችው ክፍል ሬዲዮ እየሰሙ ይቀመጣሉ። ገብተን ሰላም እንዳልናቸው ልጅቱ ግድግዳው ላይ ወዳለው የደበዘዘ ሸራ ጠቆመች። ፏፏቴ ተሥሎበታል።

«ይሄ ነው! ውሃው ይረጨኛል ብዬ ፈርቼ አልገባም ብዬ ነበር» አለች።

ሐጂ ሳቁ። «ብዙ ሕፃን ፈርቶታል። ወንድሜ ነው የሣለው፤ ፏፏቴ አይቶ አያውቅም።»

መታወቂያውን ሰጠናቸው። መነጽራቸውን አድርገው፣ በላዩ ላይ ማጉያ ጨምረው አዩት። ፈገግታቸው ጠፋ።

«ይቺ ሴት ተቀይማኝ ነው የሄደችው» አሉ።

«እናቴ ናት» አለች ልጅቱ። «አርፋለች።»

«ኢናሊላሂ!» ብለው መታወቂያውን መለሱላት። ከዚያ እንዲህ ብለው ነገሩን፦ «ያኔ ሰው ፎቶ ሲነሳ ፊልሙን በእርሳስ አስተካክል ነበር። የፈንጣጣውን ምልክት፣ ማድያቱን፣ ጠባሳውን አጠፋለሁ። ማንም ሳይጠይቀኝ ነው፤ እንደ ምርቃት ነበር የምቆጥረው። ሰው ሁሉ ይደሰታል። እናትሽ ግን ፎቶውን ይዛ ቆማ ቆየችና ‹ይቺ ማን ናት?› አለችኝ። ‹አንቺ ነሻ!› አልኳት። ‹ጠባሳዬን የት አደረሱት?› አለች። አሳመርኩሽ ብላት እንባዋ መጣ። ‹ቤታችን ሲቃጠል የበኩር ልጄን ይዤ ስወጣ የተቃጠልኩት ነው። ልጁ ሳምንት አልቆየልኝም። ልብስ የለው፣ ፎቶ የለው፤ ከሱ የቀረኝ ይኸው ነው› አለችኝ። ደግሜ ላትምልሽ ብላት፣ መታወቂያው ነገ ነው የሚፈለገው ብላ ይዛው ሄደች።»

«የበኩር ልጇ እኔ ነኝ» አለች ልጅቱ ቀስ ብላ።

ሐጂ እኔን አዩ፤ ከዚያ እሷን አዩ። ከወንበራቸው ለመነሳት ሞክረው መልሰው ተቀመጡ።

«ከኔ በፊት ነው?» አለች።

«አላወቅሽም ኖሯል። አፉ በይኝ ልጄ። ያልነገረችሽ አልመሰለኝም።»

ወደ ፏፏቴው ዞራ ቆመች። እኔ የማደርገው ጠፍቶኝ ትከሻዋ ላይ እጄን አኖርኩ። ከውጭ የፎቶ ኮፒው ማሽን ይሰማል። ቆይታ ፊቷን በነጠላዋ ጠራርጋ፣ «በየት በኩል ነበር ያጠፉት?» አለቻቸው።

ሐጂ ከጠረጴዛቸው መሳቢያ አንድ ፖስታ አወጡ። ሌላው ፊልም ሁሉ በካርቶን ሆኖ ጣሪያው ሥር ተደርድሯል፤ ይሄኛውን ግን ትመለስ ይሆናል ብለው ለብቻ አስቀምጠውት፣ እዚያው ቀርቷል። የእጅ መዳፍ የማታህል ፊልም ናት። መስኮቱ ላይ ስንይዛት ፊቱ ጥቁር፣ ጸጉሩ ነጭ ሆኖ ታየ። «ግልብጥ አድርገሽ እንዳትይዢው፤ ግራና ቀኙ ይምታታል» ብለው ራሳቸው አስተካክለው ያዙልኝና ጋደም አደረጓት። ያኔ አየሁት። በቀኝ ጉንጫቸው ላይ፣ ከዝንብ እግር የቀጠኑ የእርሳስ ጭረቶች ተደርድረው ያብረቀርቃሉ።

እውነቱን ለመናገር ልቤ የደነገጠው በእጁ ሥራ ነው። እንደዚያ የሚሠራ እጅ አይቼ አላውቅም ነበር። እያንዳንዱ ጭረት የቆዳውን አካሄድ ተከትሎ ሄዷል። ስሕተት ነው የተባለው ነገር በሕይወቴ ካየሁት የእርሳስ ሥራ ሁሉ የሚበልጥ ነበር፤ ይህን ለልጅቱ ያኔ አልነገርኳትም።

ሐጂ ጥጥ በአልኮል ነካ አድርገው ጠየቋት፤ «ጠባሳዋን ልመልስላት?»

ራሷን ዝቅ አድርጋ እሺታዋን ገለጸች። ጥጡን ፊልሙ ላይ በጣም በቀስታ አዞሩት፤ ሲያነሱት ጠቁሯል። እኔ የመስኮቱ መስታወት ላይ ነጭ ወረቀት ለጥፌ፣ ፊልሙን በወረቀቱ ላይ ይዤ በስልኬ አነሳሁትና ቀለሙን ገለበጥኩት። ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ሲሆን እናትየው ስልኬ ላይ መጡ፤ ወጣት ናቸው፣ ማኅተም የለባቸውም፣ በቀኝ ጉንጫቸው ላይ ከጆሮ ግንዳቸው ወደ አፋቸው የወረደ ጠባሳ አለ። ሁለቱም ዓይኖቻቸው ቀጥ ብለው ያያሉ።

ልጅቱ ስልኩን ተቀብላኝ አጠገቧ ያለው በርጩማ ላይ ተቀመጠች። «ወንድሜ ልክ ነበር» አለች። ብዙ ከቆየች በኋላ ደግሞ፣ «ያ የሞተው ልጅ ስንት ዓመቱ እንደነበር ነግራዎታል?» ብላ ሐጂን ጠየቀች። አልነገሯቸውም።

ስንመለስ እስከ መንገዱ አጋማሽ መታወቂያውን እያገላበጠች መጣች። ከዚያ ወደ መስኮቱ እያየች፣ «ዓመቱን ሙሉ መታወቂያውን እያየሁ ነው ያለቀስኩት» አለች። «በገዛ እጄ ያጠብኩትን ጉንጭ ረስቼ ወረቀቱን አመንኩ። እንዲህም ይሆናል?»

እንዲህም ይሆናል ልላት ፈለግሁ። እሷ ያየችውን ረሳች፤ እኔ ግን ከመነሻውም ፊታቸውን በቅጡ አላየሁትም ነበር።

አዲሱን ሥዕል አቡጀዲ ላይ በከሰል ሠራሁት። ከትምህርት ሰዓት በኋላ ባዶ ክፍል ውስጥ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ከጠባሳው ነው የጀመርኩት፤ ፊቱ ዙሪያውን ቀስ በቀስ መጣ። የወጣትነታቸውን ፊት ከፊልሙ ወሰድኩ፤ የእርጅናቸውን ልጆቹ ነገሩኝ። ወንድምየው ከደጀን እየደወለ «ቅንድቧ ሳሳ ያለ ነው»፣ «ስትስቅ ቀድሞ የሚነቃው አገጯ ነው» ይለኛል። ልጅቱ እየመጣች በእጇ ትነካውና ከሰሉ ጣቷ ላይ ይቀራል። በእነዚያ ሳምንታት ይሄን ሌላ ሰው ሥሎት ይሆን ብዬ አንድ ቀን እንኳ አላሰብኩም። አዳራሹ ውስጥ ያን ያህል አስቁሞኝ የነበረው ነገር ምን እንደሆነም ያኔ ነው የገባኝ፤ ያ ሠዓሊ ፎቶዎቹን ሊያሳምራቸው አልሞከረም፣ የደረሰባቸውን ነው ያከበረላቸው።

በሙት ዓመቱ ቀን ሥዕሉ ድንኳኑ ውስጥ ተሰቀለ። የትምህርት ቤታችን ሰው ሁሉ መጥቷል። ርእሰ መምህሩ ሥዕሉ ሥር ቆሞ፣ «ይሄን ሁሉ ዓመት እንዲህ ነበሩ?» ሲል ሰማሁት። ወንድምየው ገና ከበሩ ሲያየው ኮፍያውን አወለቀና «ይቺ ናት» አለ፤ ሌላ ቃል ሳይጨምር ወጥቶ መኪናው ውስጥ ተቀመጠ። አንዲት በዕድሜ የገፉ ዘመዳቸው ግን አልተደሰቱም።

«ሙት ያሳምሩታል እንጂ! ይሄን ጠባሳ ሳዪ ያለሽ ማን ነው?» አሉኝ።

ልጅቱ የምግብ ሳህን ይዛ በአጠገባችን ስታልፍ ሰማች። ቆም አለችና፣ «እሷ ራሷ ናት፣ እታለም» አለቻቸው።

ከዚያ በኋላ መሣል አላቆምኩም። መምህራኑ የመታወቂያቸውን ፎቶ ያመጡልኛል፤ አንዳንዱን ከነማኅተሙ ነው የምሠራው። መንገድ ሲከፈት ሞጣ እሄዳለሁ። ሐጂ እርሳስ እንደ መርፌ አሹሎ መቅረጽን፣ ፊልም ላይ ብርሃን ማንበብን አስተማሩኝ። ባለፈው ሰኔ አሥራ ሁለት ፊቶች በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሰቅለን ነበር። ሐጂ ከልጃቸው ጋር መጥተው አንድ በአንድ ካዩ በኋላ፣ «እጅሽ አሁንም ይቸኩላል» አሉኝ፤ ደስ አለኝ።

በቅርቡ ደግሞ አንድ ሰው ከየጁቤ የአባቱን ፎቶ ይዞ መጣ። የአባትየው አንድ ዓይን ነጭ ነው።

«ዓይኑን አስተካክለሽ ሥሪልኝ፤ ሁለቱም ጤነኛ ይሁኑ» አለኝ።

የማልሠራበትን ምክንያት ላስረዳው አፌን ከፈትኩ። መጀመሪያ ግን፣ «አባትህ ቢኖሩ ምን ይሉ ነበር?» አልኩት።

«እሱማ ግድ የለውም ነበር» አለና ሳቀ። «ለእናቴ ነው። ስታገባው ሁለቱም ዓይኑ ደህና ነበር። ከታመመች ወዲህ የምታነሳው ያኔ ያየችውን ሰው ብቻ ነው። ይሄን ፎቶ ሳሳያት ‹ይሄ የማን አባት ነው?› አለችኝ።»

ሞጣ ላይ የተማርኩት ነገር ሁሉ ለዚህ ሰው አልበቃም። የእናቱ ትዝታም ትዝታ ነው፤ ነጩ ዓይንም የአባትየው ነው። ፎቶውን ተቀበልኩትና ረጅም ጊዜ አየሁት፤ ደህናው ዓይን የሻይ ቀለም ያለው፣ ሽፋሽፍቱ የረዘመ ነው።

«እናትህ መናገር ይችላሉ?» አልኩት።

«ጠዋት ጠዋት ደህና ናት።»

«እንግዲያው ሳልጀምር እሳቸውን ልጠይቃቸው። እሁድ ጠዋት እመጣለሁ።»

ስልክ ቁጥሩን ሰጠኝና ቤቱ ከመናኸሪያው በየት በኩል እንደሆነ በወረቀት ላይ ሥሎ አሳየኝ።